ጉንፋን ለሚመላለስበት ልጅ፦ በሁለት ሕመም መሀል የሚበላው

ጤነኛ የሆነ ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ሊይዘው ይችላል። ትምህርት ቤት የሚመላለስ ታላቅ ካለው ወይም ራሱ የሕፃናት ማቆያ የሚውል ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። አንዱ ጉንፋን ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል፤ ሳሉ ብቻውን 2 ሳምንት ሊጎተት ይችላል። ደሴ ወይም ወገል ጤና ላይ ክረምቱ አልፎ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲተካ፣ አፍንጫው ያልፈሰሰበት ሳምንት ብርቅ ቢሆን አይግረም። የጉንፋኑ ቁጥር ብቻውን አያስደነግጥም።

የሚያሳስበው በመሀሉ የሚሆነው ነው። ልጅ ሲታመም ምግብ ይዘጋል፤ ትኩሳቱ ደግሞ ከሰውነቱ ላይ ይቆርሳል። ሕመሙ ሲለቀው የቀነሰው ክብደት ሳይመለስ ሌላ ጉንፋን ይደርስበታል። እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደራረበ፣ በሽታን የሚከላከለው የሰውነት ኃይል ራሱ ከምግብ የሚሠራ ስለሆነ፣ በሳል የሚያልፈው ወደ ሳንባ ምች የመውረድ ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያተኩረው በሁለት ሕመም መሀል ባለው ጊዜ ላይ ነው። አንድን ጉንፋን በሦስት ቀን የሚያባርር ምግብ የለም፤ አለኝ የሚል ቢመጣም አይመኑት።

6 ወር ላልሞላው

እዚህ ብዙ የሚባል የለም፤ የእናት ጡት ብቻ። ውኃም አያስፈልግም፣ በቆላማው ከሚሴና ቆቦ ሙቀት እንኳ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር ይጥባ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፍራም ቢጫ እንገር ታልቦ የሚደፋ ነገር አይደለም፤ ከሁሉም ይልቅ በሽታ ተከላካይ የበዛበት እሱ ነው።

በገጠሩ ዛሬም ያልጠፋው አራስን ቅቤ ማላስ ግን በቀጥታ ከደረት ሕመም ጋር ይገናኛል። አራስ ልጅ መዋጥ ገና በቅጡ አልቻለም። ቅቤው ሳያስለው ሾልኮ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል፤ ሳንባ ደግሞ ቅባትን የሚያስወግድበት መንገድ የለውምና ሲቆይ ይቆጣል። የአብሽ ውኃና የስኳር ውኃም እንዲሁ አይሰጥም፤ ሆዱን ሞልቶ ጡት ያስተወዋል፣ ንጽሕናውም አይታመንም። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ሳልን አያስቀሩም፤ ቁስል ከፍተው ኢንፌክሽን ያስገባሉ።

ዱቄቱን ማዘጋጀት

ከ6 ወር በኋላ ነገሩ ሁሉ ገንፎው ላይ ነው። አሁን አሁን የ10፣ የ12፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓይነት እህል የተቀላቀለበት የሕፃን ምጥን ማስፈጨት እንደ ጥሩ እናትነት ይታያል። ጥቅሙ ግን ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። እያንዳንዱ እህል የሚበስልበት ጊዜ ስለሚለያይ ግማሹ ጥሬ ይቀራል፤ ሆዱን ቢነፋው የትኛው እንደነፋው አይታወቅም፤ ለውዝና ኑግ አብረው ከተፈጩ ደግሞ ዘይታቸው በሳምንታት ውስጥ ይከረፋና ልጁ ገንፎውን ይጠላል። አንድ ወይም ሁለት እህልና አንድ ጥራጥሬ ይበቃል።

ልኬቱ በጣሳ 3 እጅ እህል ለ1 እጅ ጥራጥሬ ነው። ልጁ 1 ዓመት ካለፈውና ከተስማማው 2 ለ1 ማድረግ ይቻላል። በደጋው፣ በደላንታም ሆነ በኩታበር፣ ገብስ ወይም ስንዴ ከባቄላ፣ ከአተር ወይም ከምስር ጋር ይሄዳል። በቆላው ነጭ ማሽላ፣ ጤፍ ወይም በቆሎ ከሽምብራ ጋር፤ በቃሉና በከሚሴ አካባቢ ደግሞ ማሾ አለ። ማሾ ቶሎ ይበስላል፣ ሆድም ብዙ አይነፋም፤ ለ7 ወር ሕፃን ከባቄላ ይልቅ ይመረጣል።

መጀመሪያ ይለቀማል። ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን የሻገተውን፣ የተጨማደደውንና ቀለሙ የተለወጠውን ያውጡ። ገብስ ውስጥ ሲናር (የዱር አጃ) ከገባበት ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ የአይጥ ኩስ የሚመስል ነገር ይፈልጉ፤ ፈንገስ ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ሰዎችን እግራቸው እየደረቀ እንዲቆረጥ ያደረገውና ለሞትም ያበቃው ይኸው በእህል ውስጥ የገባ ፈንገስ ነበር። ጓያ ለሕፃን ዱቄት አይገባም፤ ተፈጭቶ ከሚሸጥ ሽሮ ውስጥ መኖር አለመኖሩ ስለማይታወቅም ጥራጥሬውን በፍሬው ገዝቶ ራስን ማስፈጨት ይሻላል።

ጥራጥሬው ማታ ይዘፈዘፍና እስከ ጠዋት ይደር። ውኃው ይደፋል። ይህ ሆድ መንፋቱን ይቀንሳል፤ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ፊቴት የተባለ ንጥረ ነገርም በከፊል ያወጣል። ዚንክ የልጅን የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ከሚቀንሱት ውስጥ አንዱ ነው፤ እህላችን ውስጥ አለ፣ ችግሩ መታሰሩ ነው። ከዚያ በፀሐይ ይድረቅ፣ ለስለስ ባለ እሳት ይታመስ፣ ይከካ፣ ገለባው ይነፋ። እህሉ ገብስ ከሆነ ይፈተጋል፤ የሚታመሰው ጠቆር እንዲል ሳይሆን ሽታው እስኪወጣ ብቻ። አድቅቀው ያስፈጩ፣ በደቃቅ ወንፊት ይንፉ። ከወር በላይ የሚቆይ አያስፈጩ፤ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ።

ውፍረቱ

የሚያስቸግር ልጅ ያለባቸው ቤቶች ውስጥ ዋናው ጥፋት የሚገኘው እዚህ ነው። ቀጭን ሙቅና አጥሚት ለልጅ ቀላል ነው ተብሎ ይሰጣል፤ ልጁም ጠጥቶ ሆዱ ይነፋል፣ ዝም ይላል። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሆድ በአንዴ የሚይዘው አንድ ኩባያ፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በዚያ ኩባያ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ብቻ ከገባ ያገኘው 30 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ከ9 እስከ 11 ወር ያለ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ከምግብ ብቻ በቀን 300 ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል፤ ከ1 ዓመት በኋላ 550። ቀጭኑን ሙቅ በቀን 5 ጊዜ ቢጠጣም ከግማሹ አያልፍም።

አንድ ኩባያ ገንፎ እንዲህ ይሠራል። 5 ልክ የሆነ፣ ያልተከመረ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ ይበጥብጡ፤ ደረቁን ፈልቶ የሚንተከተክ ውኃ ላይ ከጣሉት ይጓጉላል፣ የጓጎለው ውስጡ ጥሬ ይቀራል። 1 ኩባያ ውኃ ሲፈላ ብጥብጡን ይጨምሩና እሳቱን ቀንሰው ከድነው ለ15 ደቂቃ እያማሰሉ ያብስሉ፤ ደጋ ላይ 20 ያድርሱት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ነው፤ ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው ጥራጥሬው አልበስል ብሎት የሚገረመው ለዚህ ነው። በመጨረሻ ግማሽ ኩባያ የተፈላ ወተት ይጨምሩ፣ ለ3 ደቂቃ አብሮ ይንተክተክ። ሲወርድ 1 የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይትና አዮዲን ያለበት ጨው በጣት ቁንጥር። ስኳር አያስፈልገውም። አሁን ኩባያው ወደ 260 ኪሎ ካሎሪ ይዟል።

ፈተናው ቀላል ነው፤ ማንኪያውን ሲያዘነብሉት ገንፎው ወዲያው ከፈሰሰ ቀጥኗል፣ ተጣብቆ ቆይቶ ቀስ ብሎ ከወረደ ልክ ነው። በጡጦ ጫፍ የሚያልፍ ምግብ በትርጉሙ ቀጭን ነው፤ ጡጦው ደግሞ ለመታጠብ አስቸጋሪ ነው። ኩባያና ማንኪያ ይጠቀሙ።

ወፍራም አልውጥ ላለ ልጅ ውኃ ከመጨመር ይልቅ የገብስ ብቅል ይርዳ። ለጠላ የሚበቅለው ገብስ ነው፤ ጌሾ ሳይነካው ደርቆ በደቃቁ ይፈጫል። ወፍራሙን ገንፎ ካወረዱ 5 ደቂቃ ያህል በኋላ፣ ገና ትኩስ እያለ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ይቀላቅሉ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ዓይን እያየው ይላላል፤ ብቅሉ ስታርቹን ስለሚቆራርጠው ነው እንጂ ከምግቡ የተቀነሰ የለም። ከዚያ እንደገና ለ3 ደቂቃ ይፍላ፤ ብቅል ሲበቅል እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ጀርም አያጣውም። ፈልቶ ሳለ ከጨመሩት ግን አይሠራም፣ ሙቀቱ ይገድለዋል። የማሽላ ብቅል ከሆነ ቡቃያውና ሥሩ ሙሉ በሙሉ ታሽቶ መውጣት አለበት፤ የማሽላ ቡቃያ ከብትን የሚገድለው ዓይነት መርዝ አለበት። ገብስ ካለ ገብሱን ይያዙ።

መጠኑ፦ በ6 ወር በ2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ጀምሮ እስከ 8 ወር ግማሽ ኩባያ ማድረስ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ከ9 እስከ 11 ወር ግማሽ ኩባያ ሙሉውን፣ 3 ወይም 4 ጊዜ። ከ1 ዓመት በኋላ ከሦስት አራተኛ እስከ ሙሉ ኩባያ፣ 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በመሀል 1 ወይም 2 መክሰስ። ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

ገንፎው ላይ የሚጨመረው

ገንፎ ብቻውን፣ የቱንም ያህል ቢወፍር፣ ቫይታሚን ኤ፣ ብረትና ዚንክ በሚበቃ መጠን አይሰጥም። ከእህል፣ ከጥራጥሬ፣ ከወተት፣ ከሥጋና ዓሣ፣ ከእንቁላል፣ ከቢጫና ጥቁር አረንጓዴ አትክልት፣ ከሌላ ፍራፍሬ፣ ከእናት ጡት፤ ከእነዚህ 8 ምድቦች በቀን ቢያንስ 5ቱ ይግቡ ነው የሚባለው።

እንቁላል ከሁሉም ይቀድማል። ቤት ውስጥ ያለች ዶሮ የጣለችው ወደ ገበያ ሄዶ በጨውና በዘይት ይለወጣል፤ ልውውጡ ለልጁ ኪሳራ ነው። በሳምንት 3 ወይም 4 ቢቀርለት ጥሩ ነው፤ በየቀኑ ቢሆን የተሻለ። በደጋው ከፈላ በኋላ 12 ወይም 13 ደቂቃ ይቀቀል፣ ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ አስኳሉም ነጩም ደቅቆ ገንፎው ውስጥ ይግባ። ጥሬ እንቁላል በወተት መትቶ ማጠጣት የሚያተርፈው ተቅማጥ ነው።

ወተት የላምም የፍየልም ይሆናል፤ ከባቲ በታች የግመልም አለ። ሁሉም ይፍላ። ጥሬ ወተት የከብት ቲቢና ብሩሴሎሲስ ያስተላልፋል፤ ሳል ለሚመላለስበት ልጅ ይህን መጨመር አያስፈልግም። ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወተቱ ገንፎ ውስጥ ይግባ እንጂ የጡትን ቦታ አይውሰድ።

ሥጋ በየሳምንቱ መግዛት ለማይቻልበት ቤት ቋንጣ ይጠቅማል። በርበሬ ሳይነካው፣ በጨው ብቻ ደርቆ፣ በሙቀጫ እንደ ዱቄት ይወቀጥ፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ገንፎው ሲፈላ ይጨመርበትና አብሮ ይብሰል። ለዓመት በዓል ወይም ለዒድ ከታረደው ጥቂት ለልጁ መለየት ለወር ይበቃል። ጉበት በደንብ በስሎ፣ ደቅቆ፣ 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ፣ በሳምንት ከ1 ጊዜ ሳይበልጥ፤ ቫይታሚን ኤው ብዙ ስለሆነ መብዛቱ ይጎዳል። ሐይቅ ከተማ አካባቢ ላሉት ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አለ፦ ተቀቅሎ፣ አጥንቱ በጣት ተዳብሶ እስከ መጨረሻው ወጥቶ፣ ከገንፎ ወይም ከድንች ጋር ይደፈጠጣል።

አትክልቱ፦ ዱባ፣ ካሮት፣ ብርቱካናማ ስኳር ድንች፣ የሐበሻ ጎመን። ዱባ ሳይቆረጥ ደረቅ ቦታ ወራት ስለሚቆይ ከመስከረም በኋላ ሲረክስ ገዝቶ ማኖር ያዋጣል። ጎመኑ ቅጠሉ ብቻ ደቅቆ ተከትፎ በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ይግባ፤ ከዘይት ወይም ከቅቤ ጋር ካልሆነ ቫይታሚን ኤው አይመጠጥም። ከቆቦና ከመርሳ የሚመጣው ማንጎና ፓፓያ ደፍጥጦ መስጠት እሳት እንኳ አይፈልግም። ከጥራጥሬ ጋር በአንድ ማዕድ ጥቂት ብርቱካን ወይም ቲማቲም ቢኖር የጥራጥሬው ብረት በተሻለ ይመጠጣል። ሻይ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ዳቦ በሻይ ነክሮ ማብላት በከተማው ተለምዷል፣ ግን ብረቱን ያስራል፣ ሆዱንም በከንቱ ይሞላል።

ስለ ጾም አንድ ነገር። በኦርቶዶክስ ቤት ሕፃን ከ7 ዓመቱ በፊት አይጾምም፤ ሕፃኑ ግን ብዙ ጊዜ ሳይፈልጉ ይጾማል፣ ድስቱ በቅቤና በወተት እንዳይነካ ስለሚፈራ። አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሳህን ለልጁ ብቻ ለዩ፤ ነገሩ ያልቃል። በረመዷንም ልጁ እስከ ፍጡር ድረስ የጠዋት ትራፊ ሲነካካ እንዳይውል ቀን የሚበስልለት ይኑር፤ አንድ ጊዜ በስሎ ከ2 ሰዓት በላይ ደጅ የቆየ ገንፎ አይሰጠው።

ሲያስለው

ጡት የሚጠባ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። አፍንጫው ተዘግቶ የሚጠባ ልጅ ግን ትንፋሽ እያጠረው ይለቃል፤ ጠገበ ተብሎ ይታለፋል። ከማጥባትና ከማብላት በፊት አፍንጫውን ይክፈቱለት፦ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ኩባያ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከማይሞላ ጨው ጋር አሟሙተው በንጹሕ ጨርቅ ጫፍ 2 ወይም 3 ጠብታ በየቀዳዳው፤ ከደቂቃ በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። ውኃው በየቀኑ አዲስ ይሁን።

6 ወር ያለፈው በየ2 ሰዓቱ 3 ወይም 4 ማንኪያ ይቅመስ፤ ሙሉ ኩባያ አይጠበቅበትም። ስሎ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀው ትንሽ ይድገሙለት። ወተት አክታ ያበዛል፣ ሙዝና ብርቱካን ብርድ ነው እየተባለ ከታመመ ልጅ ላይ የሚነሣው ምግብ ሁሉ ያለ ምክንያት ነው የሚነሣው። ገንፎውና ሙዙ ለብ ብለው ይሰጡ፣ በቃ።

ከሁሉ አደገኛው መጋት ነው። አልበላም ያለውን ልጅ በጀርባው አስተኝቶ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ በእጅ ጽዋ አጥሚት ወይም አብሽ ማፍሰስ። ልጁ ሲያለቅስ ትንፋሽ ይስባል፤ ከትንፋሹ ጋር አጥሚቱ ወደ ሳንባ ይገባል። በየወሩ የሳንባ ምች እየተባለ የሚታከም ልጅ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው። አያት ናት የምትግተው ብዙውን ጊዜ፤ በፍቅር ነው፣ ስለዚህ ከመቆጣት ይልቅ ልጁን ጭኗ ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀምጣ በማንኪያ እንድትሰጠው ማሳየት ይሻላል። የዳማከሴ ወይም የጤና አዳም ጭማቂ በአፍንጫ መጨመርም በዚሁ ምክንያት ይቅር።

ማር ከ1 ዓመት በታች በፍጹም አይሰጥም፤ የላስታም ይሁን የሱቅ፣ ለሕፃን አንጀት አደገኛ የሆነ ባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል። ከ1 ዓመት በኋላ ማታ ማታ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሳሉን ያለዝባል፣ ከብዙ ሽሮፕ ይሻላል። አሞክሲሲሊንን ለጉንፋን ከመድኃኒት ቤት በራስ መግዛት አይረዳም፤ ጉንፋን በቫይረስ ነው የሚመጣው።

ካገገመ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት

የምግብ ፍላጎቱ የሚመለሰው ሳሉ ጨርሶ ሳይጠፋ ነው፤ ያን ቀን ይያዙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለ2 ሳምንት ከወትሮው በላይ በቀን 1 ተጨማሪ ማዕድ ይሰጣል። ትልቅ ቁም ነገር አይመስልም፤ የሚዘለለውም ለዚህ ነው፤ ዳነ ተብሎ ወደ ሥራ ይኬዳል።

የ14 ወር ልጅ ቀን እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ጠዋት 1 ሰዓት ጡት፣ 2 ሰዓት ላይ ከላይ ያለው ገንፎ ከእንቁላል ጋር፤ 4 ሰዓት ሙዝ ወይም ፓፓያ፤ 6 ሰዓት ተኩል በርበሬ ያልበዛበት የምስር ወጥ በእንጀራ ተፈትፍቶ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮበት፤ 9 ሰዓት ተኩል ድንችና ጎመን በቅቤ ተደፍጥጦ፤ ማታ 12 ሰዓት ገንፎ በቋንጣ። ለሁለቱ ሳምንታት የሚጨመረው ከመኝታ በፊት ያለው ነው፤ ግማሽ ኩባያ ወፍራም ገንፎ በወተት። ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ትሪ ከሚበላ የራሱ ሳህን ይኑረው፤ ካልሆነ ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ የለም፣ ፈጣኑ ወንድሙ ይጨርሰዋል።

ፀሐይ

ይህ ከምግብ ጋር ይቆጠራል፣ ቫይታሚን ዲ ከማዕዳችን ውስጥ ጥቂት ብቻ ስለሚገኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአዲስ አበባ ሕፃናት ጥናት፣ የአጥንት መልፈስፈስ ማለትም ሪኬትስ በሳንባ ምች በታመሙት ልጆች ላይ ከሌሎቹ 13 እጥፍ ገደማ እንደሚበዛ አሳይቷል። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ደረት በቅጡ አይከፈትም፣ አክታም አይወጣም። ፀሐይ በሞላበት አገር ይህ የሚመጣው ልጁ ብርድና ምች ፍራቻ ተጠቅልሎ ቤት ስለሚውል ነው። ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት፣ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ፣ ፊቱ፣ እጁና እግሩ ተገልጦ ነፋስ የማይመታው ጥግ ይቀመጥ። በመስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ያለችውም ገና ደካማ ናት። የእጁ አንጓ ካበጠ፣ ጥርሱ ከዘገየ፣ እግሩ ከጎበጠ ፀሐዩ ብቻ አይበቃም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ምግብ የማይተካቸው

በደንብ የሚበላ ልጅ እንጀራ ሲጋገር እናቱ ጀርባ ላይ ከታዘለ ጭሱ የምግቡን ሥራ ያፈርሰዋል። ኩበትና እርጥብ እንጨት ሲነድ ልጁ ሌላ ክፍል ወይም ደጅ ይሁን፤ ቡናው ሲፈላ ዕጣኑ ከሕፃኑ ይራቅ፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ረጅም ሰዓት ነው። ክትባቱ ይሟላ፦ የሳንባ ምቹ ክትባት በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፣ በ6ኛው ሳምንት ይጀመራል፤ የኩፍኙ በ9 እና በ15 ወር ነው። ቫይታሚን ኤ ጠብታ ከ6 ወር ጀምሮ በየ6 ወሩ አለ፤ ከኩፍኝ በኋላ ለሚመጣ ጉዳትና ለዳፍንት ትልቅ መከላከያ ነው፣ ተራ ጉንፋንን ግን አያስቀርም።

ከኩሽናው አቅም በላይ ሲሆን

ልጁ ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ ደረቱ ተገልጦ ትንፋሹን ለ1 ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ይሂዱ። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ሌሊትም ቢሆን አይደር። የታዘዘው መድኃኒት ልጁ በሁለተኛው ቀን ቢስቅም እስከ መጨረሻው ይሰጥ።

ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ የክንድ ዙሪያውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በባለ ቀለሙ ሜትር ትለካዋለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ ከባድ የምግብ እጥረት፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ድረስ ቢጫ። ቀይ ላይ ያለ ልጅ በገንፎ ብቻ አይመለስም፣ ፕላምፒ ነት (ለከባድ የምግብ እጥረት የሚሰጥ፣ ከለውዝ የተሠራ የታሸገ ምግብ) ወይም ሆስፒታል ያስፈልገዋል። ፕላምፒ ነቱ የዚያ ልጅ መድኃኒት ነው፤ ለታላላቆቹ ከተካፈለ ለማንም አይበቃም።

ሳሉ ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ በተለይ ክብደት እየቀነሰ ወይም ቤት ውስጥ የሚያስለው ትልቅ ሰው ካለ፣ የቲቢ ምርመራ ይጠይቁ። ሌሊት ሌሊት እያፏጨ የሚተነፍስ ልጅ አስም ሊሆን ይችላል። በአንድ ወገን ሳንባ ላይ ብቻ የሚመላለስ ምች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ከዚያ በፊት ቆሎ፣ ለውዝ ወይም ባቄላ እየበላ በድንገት አንቆት፣ ስሎ ስሎ የተወው ቀን ነበረ? ፍሬው አየር ቧንቧ ውስጥ ተቀምጦ ለወራት ሊያሳምም ይችላል። ያ ቀን ከታወሰ ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ፤ ማውጣት የሚችለው ለዚሁ የተዘጋጀ መሣሪያ ያለው ሆስፒታል ነው። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎና ለውዝ ተፈጭቶ ካልሆነ በፍሬው አይሰጥ።